ጣርሓው ካልነጣ

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
የካቲት 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለቲቸር ጸሐይወርቅ፣

እንደምን ከርመዋል? ኮምቦልቻስ፣ ወርክሾፑስ? እኔ ደርሻለሁ፤ አልጠፋሁም፤ ማንም አልሸጠኝም። እናቴ ብትጠይቅዎ እንደዚሁ አድርገው ይንገሩልኝ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የማስተምርበት የሙያ ማዕከል ሬጅስትራር ስልክ ከተቆረጠ ወዲህ ደብዳቤዬን የሚያደርሰው ሹፌሩ ኢሳ እስኪነሣ መጠበቅ ግድ ሆነብኝ።

«ካርቱም አሁን ምን ትሸታለች?» ብለው በደብዳቤዎ ጠይቀውኛል። ደነገጥኩ። ወርክሾፕ ውስጥ «ሙጫው ይሸታል» ስንልዎ «እኔ አይሸተኝም» ይሉን የነበረው እኛን ለማደፋፈር ይመስለኝ ነበር። አፍንጫዎ በእውነት እንደማይሠራ የሰማሁት ገና በዚህ ደብዳቤዎ ነው። እንግዲያው በእኔ አፍንጫ ያሽቱ፤ ምንም አልደብቅዎትም።

ጠዋት የተጠበሰ ዘይትና የፉል እንፋሎት ነው። ረፋድ ላይ የሪክሻ ጭስ፣ የፍየል ሽንት፣ ፀሐይ ላይ የተረሳ ዓሣ። እርስዎ በልጅነትዎ ተሰደው የተማሩባት ካርቱም ይህችው ከሆነች አልተለወጠችም። ግን ይህ ሁሉ ከክፍላችን ጋር ሲነጻጸር ሽቶ ነው።

ማሽኗ ቆንጆ ናት። የአንድ ቤተሰብ የምግብ ጠረጴዛ የምታክል ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር። ኮምፒዩተር ላይ የሣልነውን መስመር ተከትላ ጣውላውን ራሷ ትቀርጻለች። ከአውሮፓ በርዳታ ነው የመጣችው። ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት የሚሠሩ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው፤ የሚያርፉት ዓርብ ብቻ ስለሆነ የምናስተምረውም ዓርብ ነው። መጀመሪያ ቀን ማሽኗ የአንዷን ስም ቀርጻ ስታወጣ እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ። ቲቸር፣ እዚህ የሚሆን ነገር አለ፤ ይሰማኛል። እንቅልፍ እንኳ አይወስደኝም።

ችግሩ ከማሽኗ የሚወጣው ነው። እዚህ እንጨት ውድ ስለሆነ የምንቀርጸው ኤምዲኤፍ ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ ተፈጭቶ በሙጫ የታሸ እንጨት ነው። እንደ ሰጋቱራ ዱብ ዱብ አይልም፤ እንደሚወቀጥ በርበሬ ይቦናል። ሻይዬ ላይ ቆዳ ይሠራል። ስናነጥስ የሚወጣው ቡናማ ጭቃ ነው። ከላቤ ጋር ተቦክቶ አንገቴ ላይ ይደርቅና ስፍቀው እንደ ቂጣ ይላጣል። ትናንት ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ውስጥ ሙጫ አገኘሁ። የራሴ አፍ ቀፈፈኝ።

ለዳይሬክተራችን ለአቶ ምንዳዬ አቤት አልኩ። «ልጄ፣ የማያቧርር ወርክሾፕ ማን ይረዳል? እንግዳ ሲመጣ ሥራ መኖሩን በምን ይወቅ?» አሉኝ። ይህን የሚሉት ቢሯቸው ተቀምጠው ነው። ቢሯቸው በሐጅ ዩሱፍ ያየሁት ብቸኛ ንጹሕ ቦታ ነው፤ ቀይ ምንጣፍ አለው፤ ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባው። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር እዝዝዝ ይላል። ምን እንደሆነ እንጃ።

አይስጉ፤ ሐሳብ አለኝ።

ተማሪዎ ቃለአብ


ኮምቦልቻ
የካቲት 27 ቀን 1997

ቃለአብ፣

ደብዳቤህን ስከፍት ከውስጡ ዱቄት ረገፈ። ለናሙና የላክኸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንዲሁ ነው የምትኖረው።

«ሐሳብ አለኝ» ብለህ ሐሳቡን ሳትጽፍ ፈርመሃል። ያንተን ሐሳብ ስለማውቀው ፈራሁ።

አፍንጫዬ በአንድ ቀን አልሄደም። መጀመሪያ ቫርኒሽ ጠፋብኝ። ቀጥሎ ሎሚ። ቀጥሎ የልጄ ራስ። ሕፃን ሆኖ ጠጉሩን አሸትተው ነበር፤ አንድ ቀን ብስመው ምንም የለም፤ ግድግዳ የሳምኩ መሰለኝ። እኔም «ሰጋቱራ ምን ያመጣል» ባይ ነበርኩ። ስለዚህ እንደ ቀልድ አታንብበኝ።

እፍ ማለትን ዛሬውኑ ከልክል። የእኛ ሰው የተቀረጸውን መስመር ለማየት ጎንበስ ብሎ እፍ ይላል፤ የነፋው ተመልሶ ጉሮሮው ውስጥ ይገባል። በደረቅ መጥረጊያም አታስጠርግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይሁን። ከሁሉ በላይ አቧራ የሚያዘው ሲወጣ ነው፤ ክፍሉን ከሞላ በኋላ የሚያሳድደው ሰው ሞኝ ነው።

ከልጆቹ መሃል ደረቷ የማይመቻት ካለች ጠይቅ። ጠይቀህም ጻፍልኝ።

ጸሐይወርቅ


ካርቱም
መጋቢት 15 ቀን 1997

ለቲቸር ጸሐይወርቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ልጅዎ ጠጉር የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እፍን ከልክያለሁ። እንዴት ያለ ሱስ ነው! አቧራን ሳይሆን አየርን የከለከልኳቸው መሰላቸው። አንዷ «እሺ ኡስታዝ» ትለኝና ፊቷን አዙራ እፍ ትላለች።

ደረቷ የሚያማት አለች ወይ ላሉት ሁሉንም ሰብስቤ «አስም ያለባት እጇን ታውጣ» አልኩ። ማንም አላወጣችም። ተመስገን።

አንዲት ልጅ ብቻ ከክፍል በኋላ ለብቻዬ ጠበቀችኝ። ሬሕማ ትባላለች። እናቷ መሪማ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ካፉሪ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለ እርሳስ ትሥላለች፤ እጇ አያመነታም፤ ከሁላችንም ትበልጣለች። ቀስ ብላ በዐረብኛ ቃል ቀውስ እንዳለባት ነገረችኝ። ቃሉን ከሬዲዮ ዜና አውቀዋለሁ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ማን ቀውስ የሌለበት አለ? ምስጢሯን መቆፈር ነውር መሰለኝ።

«እኔም አለብኝ» አልኳት።

«አንተም? ከመቼ ጀምሮ ኡስታዝ?»

«ከተወለድኩ።»

«እና እዚህ፣ እዚህ አቧራ ውስጥ ትሠራለህ?»

«ሥራ ነው የሚያስረሳው!»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ፣ ክርስቲያን መሆኔን ረስቼ።

ፊቷ በራ። ጥቁር ጣርሓዋን፣ የራስ ሻሿን፣ አጥብቃ ጠመጠመችና «ኻላስ፣ እንግዲያው እኔም አልፈራም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኗ ፊት የምትቆመው እሷ ናት። ሐዘኗን እንድትረሳ ብዬ ዋናውን ቦታ ሰጠኋት።

አሁን ሐሳቤን ልንገርዎ። እዚህ መስኮቱ ላይ ሙከይፍ ያልተገጠመበት ክፍል የለም። ጎኖቹ ጭድ የተሞሉ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ጭዱ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ፋኑ የውጭውን አየር በእርጥቡ ጭድ አሳልፎ ቀዝቃዛ አድርጎ ወደ ውስጥ ይነፋል። እኔ ገለበጥኩት! አሁን የክፍሉን አየር ስቦ በእርጥቡ ጭድ ያሳልፍና ወደ ውጭ ይነፋል። አቧራው ጭዱ ላይ ይቀራል፤ ንጹሑ አየር ይወጣል። ተማሪዎቼ አጨበጨቡልኝ። አቶ ምንዳዬ እንኳ ከበሩ ሆነው «ጎበዝ፣ ወጪ የለውም» አሉኝ።

እርስዎም የሚያጨበጭቡልኝ ይመስለኛል።

ቃለአብ


ካርቱም
ሚያዝያ 10 ቀን 1997

ለቲቸር ጸሐይወርቅ፣

የመጨረሻ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሰላምታውም ስድቡም። «ሞኝ ያልኩህን በእጅህ ሠርተህ አሳየኸኝ» ያሉትን ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ አሁን አልተናደድኩም። «ያ ሙከይፍ ምን ሆነ?» ብለዋል። ባይጠይቁኝ ምናለ።

መጀመሪያው ዓርብ ጭዱ ቡናማ ሆነ፤ ደስ አለን። በሁለተኛው አየር ማሳለፍ አቆመ። ኤምዲኤፉ ውኃ ጠጥቶ አብጦ፣ በጭዱ መሃል ገንፎ ሆኖ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ ተዘግቶ በዚህ ሙቀት ፈላ። ባለፈው ዓርብ በሩን ስከፍት ሽታው ደረቴን ገፋኝ። እንዴት ልንገርዎ? የታረደ ፍየል ጨጓራ በሙጫ ተቀቅሎ ቢረሳ እንደዚያ ይሸታል። ፋኑን ሳበራው ጭዱ በአንድ ጊዜ ተገምሶ ወለሉ ላይ ጧ አለ። ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ነጫጭ ትል፣ እንደ ሩዝ፣ እየተንፈራገጠ። ከትሉ በታች ዝልግልግ ያለ፣ ሲጎተት ክር የሚያወጣ ነገር ነበር። ሁለቱ ልጆች ደጅ ወጥተው አስመለሱ። በአካፋ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እጄን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ ታጥቤ እንጀራ በእሱ መቁረስ አቃተኝ፤ ሦስት ቀን በማንኪያ ፉል በላሁ።

አቶ ምንዳዬ መጥተው በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው አዩት። ምን አሉ መሰለዎት? «ይኼ እኮ ኮምፖስት ነው። ፕሮፖዛል እንጻፍበት።»

ከትሉ ይልቅ እሳቸው አቅለሸለሹኝ።

የሳቀችው ሬሕማ ብቻ ናት። «ኡስታዝ፣ በግ እረድበት፣ ድግስ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳል ያዛት፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆየች። ጠጋ ስላት በእጇ ከለከለችኝ። «ማዓሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ያው የነገርኩህ ነው» አለችኝ። ሐዘኗን በሳቅ የምትሸፍን መሰለኝ።

ልጅቱ በትክክል የተናገረችውን ቃል እንድጽፍልዎ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ለምን እንደፈለጉት አልገባኝም። ቃሉ «አዝማ» ነው።

ወር ሳይሞላ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፤ ማሽኗን የላኩት ሰዎች። እስከዚያ ሌላ ሐሳብ አመጣለሁ።

ቃለአብ


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 30 ቀን 1997

ቃለአብ፣

አዝማ አስም ነው።

ሬዲዮ ላይ ቀውስ ነው፤ ካርቱም ሰፈር ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ በእናቶች አፍ፣ አዝማ ማለት አስም ነው። እኔ እዚያ ስማር ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አዝማ ነበረባት። «አስም» ብለህ ስትጠይቅ ዝም ያለችው ቃሉን ስለማታውቀው ነው፤ ቆይታ በምታውቀው ቃል ነገረችህ። አንተ ደግሞ «እኔም አለብኝ፣ ከተወለድኩ፣ ወላሂ» አልካት። ልጅቱ እዚያ አቧራ ውስጥ የቆመችው አንተን አይታ ነው። አዝማ ይዞት ይህ ሁሉ ዓመት ካልሞተ እኔም አልሞትም ብላ።

ዛሬ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ፣ ከማሽኗ ፊት አንሣት። የሚነፋ መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ መኖሩን በዓይንህ እይ።

ከዚያ የምልህን ሥራ። ከመቅረጫው ዙሪያ የብሩሽ ቀሚስ አልብስ፤ የወለል ብሩሽ ጠጉር ይበቃል፤ ጣውላውን ነክቶ ይሂድ። ከቀሚሱ ውስጥ ቱቦ ይውጣ። ቱቦው ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ በጎን በኩል ይግባ፤ አየሩ ባልዲውን እየተከተለ ይሽከረከራል፤ አቧራው አብዛኛው እታች ይወድቃል፤ አየሩ በክዳኑ መሃል በሌላ ቱቦ ይወጣል። ያንን የሚስበው ቫኪዩም ነው። ቫኪዩሙ ውጭ ይቀመጥ፤ ባልዲው ያልያዘው ብናኝ ተመልሶ ወደ እናንተ እንዳይተነፍስ። ቫኪዩም ከየትም ፈልግ።

ራስህን ስትጸየፍ ጊዜ አታባክን። በኋላ ይደርሳል።

ደብዳቤውን እስከ መተማ በሚሄድ ሰው ልኬ ለኢሳ እንዲሰጥ አደራ ብያለሁ። ቶሎ ይድረስ።

ጸሐይወርቅ


ካርቱም
ግንቦት 15 ቀን 1997

ለቲቸር ጸሐይወርቅ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። እንግዶቹ የመጡት ዓርብ ነበር። ኢሳ ገዳሪፍ ላይ ጎማ ፈንድቶበት አንድ ቀን ዘግይቷል፤ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ምንም አይደለም አልኩት።

ስለ ባልዲው የጻፉት ግልጽ ነው። ብሩሽ አግኝቻለሁ። ባልዲም አለ። ዓርብ ዕለት ሐቡብ፣ የአሸዋ አውሎ ነፋስ፣ ነበር፤ መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ነበር። ሙቀቱ አሁን ረገብ ብሏል። እናቴ ቀለበት ስለማሰር የጠየቀችውን እባክዎ ገና ነው ይበሉልኝ።

በእጅ ጽሑፌ አይዘኑብኝ፤ እስክሪብቶው ነው።

ቃለአብ


ኮምቦልቻ
ግንቦት 28 ቀን 1997

ቃለአብ፣

ስለ ጎማ ጽፈሃል፤ ስለ ቀለበት ጽፈሃል። የልጅቱ ስም የለም።

በሕይወት አለች?

ጸሐይወርቅ


ካርቱም
ሰኔ 12 ቀን 1997

ለቲቸር ጸሐይወርቅ፣

አለች።

ይህን ቃል አስቀድሜ ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ገና አፏ ላይ ኦክስጅን ነበር፤ «አለች» ብዬ ጽፌ ቃሉ መንገድ ላይ ሐሰት ቢሆንብኝስ ብዬ ፈራሁ።

የሆነው ይህ ነው። አቶ ምንዳዬ ለእንግዶቹ ብለው አቧራው እንዳይጠረግ አዘዙ። ሥራ እንዲመስል። ማሽኗ ሥር ተከምሮ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሐቡብ መጣ፤ ሰማዩ እንደ ሸክላ ቀልቶ መንገዱ ጠፋ፤ በርና መስኮቱን ዘጋን። ማሽኗን የምታሳየው ሬሕማ ነበረች። እንግዶቹ በሩ ጋ ቆመው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ከመሐረቡ ኋላ በሚያውቋት ዐረብኛ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላሉ። አንዳቸውም አልገቡም። ለእነሱ የከፋው አየር ለእኛ ልጆች የሚበቃ ነበር። ያ ነጭ መሐረብ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ ባስታወስኩት ቁጥር ትሉ ይሻለኛል።

ከዚያ ያየሁትን አልጽፍም። የከንፈሯን ቀለም አልጽፍም። በሐቡብ ውስጥ ሪክሻ ማግኘታችንን እንደ ተአምር ይቁጠሩት። በኻኹ፣ ያ የሚነፋው መድኃኒት፣ ካፉሪ ቀርቶ ነበር። «ኡስታዝ ሳይነፋ ከቻለ» ብላ መያዝ ትታ ኖሯል።

ሆስፒታሉ በር ላይ እናቷ እትዬ መሪማ ያዙኝ። አልጮሁም። «ልጄ አዝማ እንዳለባት አልነገረችህም?» አሉኝ።

«ነገረችኝ» አልኩ።

 ደብዳቤዎ በማግሥቱ መጣ።

ሰኞ ቢሯቸው ሄድኩ። አቶ ምንዳዬ «ሕመሟን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው፤ ማዕከሉን አይመለከትም» አሉኝ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ያ እዝዝዝ የሚለው ነገር ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ አየሁት። ቫኪዩም ነው። ትልቅ፣ የወርክሾፕ ቫኪዩም፣ ወፍራም ቱቦ ያለው። ጎኑ ላይ ማሽኗ ላይ ያለው ያው ሰማያዊ ምልክት ተለጥፎበታል። ከማሽኗ ጋር በአንድ ሣጥን የተላከ ነው፤ ለአቧራው። ይህን ሁሉ ወር ቀይ ምንጣፍ ሲጠርግ ኖሯል።

ባዶ እግሬን ነበርኩ። ነቅዬ ታቅፌው ወጣሁ።

«የቢሮ ንብረት ነው!» ብለው ተከተሉኝ።

«ከማሽኗ ጋር የመጣ ነው፣ አቶ ምንዳዬ።»

«እኔ እኮ… ለምንጣፉ የላኩልኝ መስሎኝ ነው።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። አልዋሹም። ከሁሉ ያንገሸገሸኝ ይህ ነው፤ ቢዋሹ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በቅን ልብ ሊሠራ ይችላል። እኔም ወላሂ ያልኩት በቅን ልብ ነበር። ቫኪዩሙን እንደታቀፍኩ ሄድኩ።

ሬሕማ ከሆስፒታል ወጥታለች። የካፉሪዋ ማዳም «ልብስሽ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ወይ ትምህርቱ ወይ ቤቴ» ብላታለች። እናቷም እንዳትመለስ ይፈልጋሉ። ልጠይቃት ሄጄ «ትመለሻለሽ?» ማለት አፈርኩ። እሷ ራሷ ጥቁር ጣርሓዋን ከራሷ ፈትታ ሌላ ለበሰችና እሱን አጥፋ ሰጠችኝ።

«ይህ ቀድሞኝ ይሂድ» አለች። «እኔ በምቆምበት ዘርጋው። ዓርብ ማታ መልሰህ አምጣው። ጣርሓው ካልነጣ እመጣለሁ። ከነጣ ግን፣ ኡስታዝ፣ ወላሂ ብትልም አልሰማህም።»

ቃለአብ


ካርቱም
ሐምሌ 10 ቀን 1997

ለቲቸር ጸሐይወርቅ፣

የዛሬው ሰላምታዬ ረጅም ነው፤ ከሳምባዬ ነው የሚወጣው።

«ጣርሓው ምን ይላል?» ብለው ጠይቀዋል። በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ዓርብ ባልዲውን ገጥመን ስንጨርስ እርግጠኛ ነበርኩ። ጣርሓውን አንሥቼ ሳራግፈው እንደ ወፍጮ ቤት ልብስ ነበር። የብሩሽ ቀሚሱ አጭር ሆኖ አቧራውን በጎን ይተፋል። ይዤላት ስሄድ እትዬ መሪማ በር ላይ ተቀብለው በጣታቸው ሰረዝ አደረጉበትና ያንን ጣት አሳዩኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሬሕማ አጥባ መለሰችልኝ።

ብሩሹን አስረዘምን። ደግሞ ነጣ፤ ይህኛው በአንድ ወገን ብቻ። ቱቦው ባልዲው ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለገባ አየሩ አልዞረም፤ ግድግዳውን ታክኮ እንዲገባ አጠማዘዝነው። ቫኪዩሙን በመስኮት አውጥተን ቆርቆሮ ጥላ ሠራንለት። በደረቁ አየር ቱቦው ኤሌክትሪክ ሰብስቦ ሁለት ልጆች ነዝሮ አስጮኸ፤ ሽቦ ጠምጥመን ከመሬት ጋር አገናኘነው። ስንጨርስ በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ የሚነካ የለም። እፍ ያለች ሻይ ታፈላለች። አቶ ምንዳዬ አንድ ቀን ገብተው ጎንበስ ብለው እፍ አሉ። አፈሉ።

በኋላ ባልዲውን ስንከፍተው ግማሽ ደርሷል። ፈዛዛ፣ ለስላሳ፣ እጅ ሲገባበት የሚሞቅ ነገር። ልጆቹ ከበው አዩት። አንዷ «ይህን ነበር የምንበላው?» አለች። አቅለሸለሸኝ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በማቅለሽለሽ ውስጥ ደስ አለኝ። እዚያ ውስጥ ነዋ! ባልዲው ውስጥ ነው፤ እኛ ውስጥ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ጣርሓው ጥቁር ሆኖ ዋለ። ይዤው ሄድኩ። እትዬ መሪማ መብራት ሥር ዘረጉት፤ ገለበጡት፤ አሸተቱት። ከዚያ ለልጃቸው «ያላ፣ በኻኽሽን ያዢ» አሏት።

በዚህኛው ዓርብ ሬሕማ መጣች። በኻኹ አንገቷ ላይ በክር ተንጠልጥሏል፤ ሁላችን እያየነው ነው የምንሠራው። ማሽኗ ፊት ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀመጠች፤ የመረጠችው ራሷ ናት። ማዳሟን እንዴት እንዳሳመነች ከዚህ ጋር ባለው ብጣሽ ላይ ራሷ ጽፋልዎታለች።

ጣርሓውንም ልኬልዎታለሁ። ዓርብን ሙሉ ከማሽኗ ጎን ተዘርግቶ የዋለ ነው፤ አልታጠበም፤ አልተራገፈም። አፍንጫዎ ባይሠራ ዓይንዎ ይፍረድልኝ። ከሬሕማ ነው።

ቃለአብ


(ብጣሹ)

ቲቸር ጸሐይ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አማርኛ ጽሑፌ ከዊስ አይደለም፣ ጥሩ አይደለም፤ ሳቂ ግን ቀስ ብለሽ።

እኔ ካፉሪ ውስጥ የማዳምን ምንጣፍ በየቀኑ በቫኪዩም እጠርጋለሁ። አቧራው ይገባል፤ አይወጣም። ሁልጊዜ አስባለሁ፤ ይህ ምንጣፍ ከኔ ምን ይበልጣል? አንድ ቀን ይህንኑ ማዳሜን ጠየቅኩ። ምንጣፉን አየች። በኋላ ጣርሓዬን አሸተተችና «ሂጂ» አለች።

ኡስታዝ ቃለአብ አዝማ የለውም። ዋሽቶኛል ብዬ በጣም ተናደድኩ። ቆይቶ አማርኛ እንዳልገባው… አይ፣ ዐረብኛ እንዳልገባው ነገረኝ። ሳቅኩ። ስስቅ አልሳልኩም።

ሬሕማ


ኮምቦልቻ
ነሐሴ 3 ቀን 1997

ለቃለአብና ለሬሕማ፣

ጣርሓው ደርሷል። እንደ ቂል አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት፤ የድሮ ልማድ ነው። ምንም የለም። ልጄን ጠርቼ «ምን ይሸታል?» አልኩት። «ሰው ይሸታል እማዬ» አለኝ። ሙጫስ? «ሙጫ የለም።» ብድግ ብዬ ጠጉሩን ሳምኩት፤ ለምን እንደሆነ አላስረዳሁትም።

ሬሕማ፣ ሳቅኩ፤ ቀስ ብዬ። በኻኹ ከአንገትሽ አይውረድ። እኔን የመሰለ ሰው ወላሂ ቢልሽም።

ቃለአብ፣ ጨርቁን መስኮት ላይ ሰቅዬ በፀሐይ ቆሜ መረመርኩት። መሃሉ ንጹሕ ነው። ቀኙ ንጹሕ ነው። በግራ ጥጉ ላይ ግን፣ መርፌ ወጋ ያደረገው የሚመስል፣ ሦስት ፍሬ ነጭ አይቻለሁ።

ብሩሹን ዝቅ አድርገው።

ጸሐይወርቅ